ጠቢበ አራዊት

ወንድሜ ከተማ ጀርመን አገር ድረስ ሄዶ የተማረው ጅብ ነው። አዎ፣ ጅብ። ስንት የሚያስከብር ትምህርት ሞልቶ ሳለ፣ ሐኪምነቱ፣ ጠበቃነቱ፣ ድልድይ መሥራቱ ቀርቶ፣ የእናቴ ልጅ መርከብ ተሳፍሮ፣ በረዶ እየረገጠ፣ ድንች እየበላ፣ እዚህ ደጃችን ላይ በነፃ የሚጮኸውን አውሬ ሲያጠና ኖሮ መጣ። ከተማ ብሎ ስም ያወጣለት አባታችን ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ ሆነ።

የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴን ሞላው። ሰው ከአውሮፓ ሣጥን አስይዞ ሲገባ ዝም ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ የአራዳ ሰው የለም። የወሎው ነጋዴ ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስ እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሣጥኑ ሲከፈት ከላይ መጽሐፍ፣ ከሥር መጽሐፍ፣ ከመካከሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሴቶቹ የውጭ አገር ሸክላ መስሏቸው አንገታቸውን አሰገጉ። ከተማ ጨርቁን ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚፈታ ሰው ፈታው። የጅብ ራስ ቅል ነበር፣ ጥርሱ እንዳለ። አስተማሪው ለስንብት የሰጠው ሽልማት ነው አለን። ሐጂ እንድሪስ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወደ በሩ አፈገፈጉ፤ ነጋዴ ናቸውና ግን ጥቂት ቆይተው «ይሸጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ለመሆኑ የተማርከው ምንድን ነው?» አለችው አንዷ።

«ጡት የሚያጠቡ እንስሳትን፣ አኗኗራቸውን፣ አመላቸውን» አለ ከተማ ደስ ብሎት።

«ታዲያ ላም ለማየት ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ?»

ሰዉ ሳቀ። ከተማም አብሮ ሳቀ። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ሲስቁበት ከእርሱ ጋር የሳቁ ይመስለዋል።

እኔ አስካለ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጧፍ እየሠራሁ ለጊዮርጊስ ተሳላሚ እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነኝ። ቤቴ ከአራዳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ወንዙ ከጓሮዬ ሥር ያልፋል፣ ጅቡም ሲመሽ ከዚያው ይወጣል። ለመንገዱ የሚከፈተውን ክፍል ለከተማ ለቀቅሁለት። ራስ ቅሉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሲመሽ ወደ ወንዙ ወርዶ ይቀመጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ የሰማውን ጩኸት በራሱ ጉሮሮ ይደግመዋል። የጧፉን ሰም እያቀለጥኩ ከጓዳ ሆኜ ስሰማው ጅቡ ቤት የገባ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ደንግጫለሁ። የሠፈሩ ውሻ ሁሉ በእኛ ቤት ላይ መጮህ ልማዱ ሆነ።

ወንድሜ የፈለገው ሹመት ነበር። መንግሥት ወንበር ይሰጠኛል፣ አራዊቱን እያጠናሁ አስተምራለሁ ብሎ በየቀኑ እስከ አራት ኪሎ እየወጣ ደጅ ይጠናል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የኔው ግን የሚያውቁት አገር መጥቶ ነው ወንበር ስጡኝ ያለው። አንድ ቀን አንድ ሹም አስገቡትና፣

«አራዊት አውቃለሁ የምትለው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ ጌታዬ።»

«ስንት ገደልክ?»

«አንድም አልገደልኩም።»

«ዝሆን?»

«አልገደልኩም።»

«አንበሳ፣ ጎሽ፣ እሺ ከርከሮስ?»

«እኔ ሳልገድል ነው የማጠናው ጌታዬ። ዝም ብዬ አያቸዋለሁ።»

ሹሙ ጥቂት አሰቡና «እነሱስ ዝም ብለው ያዩሃል?» ብለው አሰናበቱት። ይህን ከተማ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለው አደረ።

በዚህ መሐል ነው የሺዓለም የመጣችው። የሺዓለም ከጊዮርጊስ ማዶ ያሉት የወይዘሮ አሰፋች አንድ ልጅ ናት፤ ጧፍ ከእኔ ነው የሚገዙት። አንድ ቀን ልትገዛ መጥታ ራስ ቅሉን መስኮቱ ላይ አየችው። ሌላ ሴት ብትሆን ጧፉን ጥላ ትሮጥ ነበር። እሷ ግን ጠጋ ብላ «ወንድ ነው ሴት?» አለች። ከተማ ከመጣ ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ ሲያያት ነገሩ እንዳለቀ እኔ ያን ጊዜውኑ ገባኝ።

«ሴት ናት» አላት። «በጅብ ዘንድ ትልቋ ሴቷ ናት። ቀድማ የምትበላው፣ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ወንዱ ፈቃድ ሳያገኝ ንክች አያደርግም።»

«ውይ! እንግዲያ እኔ ሰው ሆኜ መፈጠሬ ምን በደል ነው?» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ የወይዘሮ አሰፋች ቤት የሚያበራው ጧፍ በዛ። በሦስት ቀን አንዴ የነበረው በየቀኑ ሆነ፤ ቤታቸው ደብር ይመስል። ልጅቷ ደጄ ላይ ባለች ትንሽ የእንጨት በርጩማ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ የጅብን ነገር ስታስወራው ትውላለች። አንዱ ጩኸት ጥሪ ነው፣ አንዱ የተሸነፈ ሳቅ ነው፣ አንዱ ግልገል የሚያባብል ነው እያለ ያስረዳታል። እሷ ጩኸቱን ሳይሆን አፉን ነበር የምታየው። ወንድሜ ይህን አላስተዋለም። የመቶ ጅብ አመል የሚያውቅ ሰው አጠገቡ የተቀመጠችውን አንዲት ልጅ አመል አያውቅም።

ኋላ እኔው ጎትጉቼ ሽማግሌ አስላክሁት። የሰፈራችን ሊቅ አለቃ ገብረትንሣኤና ሐጂ እንድሪስ ሆነው ሄዱ፤ አንድ ካህን፣ አንድ ሐጂ፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ወይዘሮ አሰፋች በክብር ተቀበሏቸው። ከዚያ ጠየቁ።

«ልጁ ሙያው ምንድን ነው? ሐኪም ነው?»

«አይደለም።»

«አስተርጓሚ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

አለቃ ሐጂን አዩ፣ ሐጂ አለቃን አዩ። በአማርኛ የሚባልበት ስም አልነበረውም። ወይዘሮ አሰፋችም «ስም የሌለው ሙያ ላለው ሰው ልጄን ብሰጥ፣ ዘመድ ባልሽ ምንድን ነው ሲላት ምን ልትል ነው? ስሙን ይዛችሁ ኑ» ብለው መለሷቸው። እምቢ አላሉም፤ ስም ነው የጠየቁት። እንዲህ ያለ ቀላል ጥሎሽ የጠየቀ የልጅ እናት ሰምቼ አላውቅም።

አለቃ ገብረትንሣኤ ደግሞ ቃል ፍለጋ ሲባሉ እህል ውሃ አያሻቸውም። ማታውን ቤቴ መጥተው ጠጃቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ሊቀ አራዊት ብንለውስ?» አሉ።

«የአራዊቱ አለቃ እሱ ራሱ አይመስልም ወይ አባቴ?» አልኳቸው። «አለቃ ማለት ያው ከመካከላቸው አንዱ ነው።»

ትንሽ ቅር አላቸው። «እንግዲያስ መምህረ አራዊት።»

«እሱንማ ጅብ ሰብስቦ ሀ ሁ የሚያስቆጥር ይሉታል።»

ብርሌውን አስቀመጡና ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ተገኘ! ጠቢበ አራዊት! ሰሎሞንም ጠቢብ ነው የተባለው።»

ከተማ ቃሉን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ስሙን አልወደድኩትም። «አባቴ፣ ጠቢብ የሚለው ነገር...» ብዬ ስጀምር አለቃ «አንቺ ደግሞ ከጧፍሽ ጋር! ግእዝን ለባለ ግእዝ ተዪው» አሉኝ። ተውኩት።

ከተማ ስሙ በሰሌዳ ተጽፎ በሩ ላይ ይሰቀልልኝ አለ፤ ጀርመን አገር እንዲያ ነው ልማዱ። ከሥሩም ጅብ ይሣልልኝ አለ። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ በጎን ይሣላል፣ ዓይኑም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡን በጎን አድርጎ ባለ አንድ ዓይን አወጣው። ከተማ ተቆጣ።

«ጅብ ምን ኃጢአት አለበት? ሲርበው ይበላል እንጂ! ሁለቱንም ዓይኑን ስጠው!»

ሠዓሊው እየተሳቀቀ ጅቡን ፊት ለፊት አዞረው። ሁለት ዓይን መሣል የሚያውቀው የጻድቃንን ብቻ ነውና፣ ጅቡ ትልልቅ ዓይንና የተቀነደበ ቅንድብ፣ ትንሽም ሐዘን ያለበት የሰው ፊት ይዞ ወጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አለቃ ገብረትንሣኤን ይመስል ነበር። ከላዩ በቀይና በጥቁር «ጠቢበ አራዊት ከተማ» ተባለ፤ ተሰቀለ።

በዚያ መንገድ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፤ የሚችለው ግን ለማይችለው ጮክ ብሎ ያነባል። አለቃ የሚኖሩት በግእዝ ነው። በግእዝ ጠቢብ ሰሎሞን ነው። በአራዳ ገበያ ጠቢብ ብረት ቀጥቃጩ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ እየሆነ ሰው ይበላል ብለው ያሙታል። ይህን የሚያሙት ሰዎች ማረሻቸውን ከዚያው ሰው ገዝተው፣ ሥጋቸውን በዚያው ሰው ቢላዋ እየቆረጡ ነው የሚያሙት፤ አንድም ቀን ግን ሥጋው ሲያንቃቸው አላየሁም። ለማንኛውም እንግዲህ በቤቴ በር ላይ የሰው ፊት ያለው ጅብ ተሥሎ፣ ከላዩ ጠቢብ ተብሎ፣ መስኮቱ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ራስ ቅል ተቀምጧል። ሰዉ ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል?

መጀመሪያ የመጣው ባላገር ማረሻ ይዞ ነበር፤ ይሳልልኝ አለ። ቀጥላ አንዲት ሴት ቅቤ ይዛ መጥታ ላሟን እንዲምርላት እግሩ ላይ ወደቀች። ሦስተኛው በጆሮው ጠጋ ብሎ፣ ርስት የሚከራከረው ሰው ስላለ ከጅቦቹ አንዱን ይልክለት እንደሆነ ጠየቀው። ከተማ ሦስቱንም አስቀምጦ የጅብን አኗኗር ከአንድ ጀምሮ አስረዳቸው። ማታ ደስ ብሎት «እትዬ፣ ሕዝቡ ለትምህርት ያለው ፍላጎት አስገራሚ ነው» አለኝ።

መንገድ ላይ ሰው ገለል ይልለት ጀመር፤ ከበሬታ መሰለው። እናቶች ሲያልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ፀሐዩ ነው አለ። ድሮ ከጧት እስከ ማታ የሚያስጠብቁት ጸሐፊዎች አሁን ከሁሉ አስቀድመው አስገብተው፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ ቶሎ ያስወጡታል። «ሥልጣኔ እየገባ ነው» አለኝ። በስሙ የሚወራውን የነገሩኝ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። «ልጄ አስካለ፣ እኔ ፊደላችሁን አላነብም፤ ገበያው ግን አንብቦልኛል። ያን እንጨት አውርዱት» አሉኝ።

ለከተማ ነገርኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ጅብ ጅብ ነው፣ ሰው ሰው ነው! እኔ ይህን ለማስረዳት አይደለም ወይ የተማርኩት? ሰሌዳውን ካወረድኩ አመንኩ ማለት ነው። እውነቱን እናገራለሁ፤ ይገባቸዋል።»

«እውነቱን አውርደህ ሚስትህን አግባ» አልኩት። አልሰማኝም።

ወይዘሮ አሰፋች ስሙን ይዞ የሚመለስ ሽማግሌ አልጠበቁም፤ ስሙን ከገበያው ሰምተውታል። ጧፍ ከሌላ ቦታ ይገዛ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ የሺዓለም ለአንድ የጉምሩክ ጸሐፊ ታጨች ተባለ። ወንድሜ ያን ሰሞን እህል አልቀምስ አለ። ወደ ወንዙም አልወርድ አለ፤ ጅቦቹ ከጓሮ ሲጮኹ ቀና አይልም፣ ዝም ብሎ ዱካዋን ያያል። ስቆጣው የከረምኩ ሴት ያን ጊዜ እያጎረስኩ እለምነው ጀመር። «ሹመት ቢኖረኝ ኖሮ እሺ ይሉ ነበር» ይላል ደጋግሞ። ሰው ጅብ ነው ብሎ የነቀፈውን እሱ ሹመት ስላጣሁ ነው ይላል።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ ወደ ማምሻው ላይ የወይዘሮ አሰፋች ሠራተኛ እያለከለከች መጣች። የሺዓለምን ቡዳ በልቷታል፣ ለፍልፋለች፣ የበላኝ ከተማ ነው ብላለች፣ መጥቶ ይልቀቃት አለች። በአገራችን ልማድ የተበላ ሰው የበላውን ስም ይጠራል፤ የተጠራውም ሰው ተጎትቶ መጥቶ እንትፍ እንትፍ ብሎበት «ለቅቄያለሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ የተበላው ይድናል። ከተማ «ታማለች?» ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወጣ። እኔም ነጠላዬን ይዤ ተከተልኩት።

ስንገባ ቤቱ ጢስ ነው፤ የቡዳ መድኃኒት ያጨሱባታል። የሺዓለም መሬት ላይ ተኝታ እንደ ጅብ ትስቃለች። የጸሐፊው እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። «እኛ እንግዲህ ክፉ አናስብም፤ ግን ቡዳ የቀመሳትን ልጅ ለልጃችን...» እያሉ ነው። ጠጋ ብዬ የልጅቷን ግንባር ልዳብስ ስል፣ ከነጠላዋ ሥር አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ዓይን ነበር። እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ቡዳ የበላት ልጅ ተብላ የጉምሩክ ጸሐፊ አይወስዳትም፤ ማንም አይወስዳትም። ከበላት ሰው በቀር። ሰዉ ሁሉ ወንድሜን የቀበረበትን ስም መሰላል አድርጋው ልትወጣበት ነው! እንዲህ ያለች ልጅ ለኔ ወንድም ስትበዛበት ነው አልኩ፤ አልቅሼም ነበር፣ በጢሱ አመካኘሁ።

ወይዘሮ አሰፋች ከተማ እግር ላይ ወደቁ። ድሮ አንተ የሚሉት ሰውዬ ዛሬ እርስዎ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ይልቀቁልኝ! አንድ ልጄ ናት። የሚፈልጉትን ይንገሩኝ፣ የሚፈልጉትን እሰጥዎታለሁ!»

የሚፈልጉትን! በሰው ፊት፣ በጸሐፊው እናት ፊት! ጎኑን በክርኔ ወጋሁት። «እንትፍ በልና የምትፈልገውን ተናገር» አልኩት በጆሮው። ቀላል ነገር ነው። ጥቂት ምራቅና አንድ ቃል።

ከተማ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ነበር። ያን አንገት አውቀዋለሁ፤ ወንዝ ዳር የሚያዘነብለው አንገት ነው።

«ይቅርታ» አለ። «ይህ ድምፅ ትክክል አይደለም።»

የሺዓለም ጮክ ብላ ደገመችው።

«አይደለም» አለ ከተማ። ፊቱ ላይ ተስፋ በራ። «ወይዘሮ አሰፋች፣ ደስ ይበልዎ! ይህ ሳቅ የሚሳቀው ጅብ ሲሸነፍ ብቻ ነው፣ ያውም ትንፋሹ እንዲህ አይቆራረጥም። ይህ የሰው ድምፅ ነው። ምንም የበላት ነገር የለም። በተማርኩት ሁሉ እምላለሁ፣ ይህች ልጅ ፍጹም ጤነኛ ናት!»

ሊያድናት ነበር እኮ። ስሟን ሊያጸዳላት፣ እግረ መንገዱንም እውነትን ሊያስተምር። የሺዓለም ተነስታ ተቀመጠች። ነጠላዋ ከፊቷ ወረደ። ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ እንደገና አንዴ እንደ ጅብ ጮኸች። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሳቅ አልነበረበትም።

«አሁንም አይደለም» አላት ከተማ በርኅራኄ፣ ደጄ ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ እንደምትማር። «ጥሪ እንዲህ ነው።»

ወደ ወለሉ አጎነበሰ፤ እጆቹን አፉ ላይ ከበባቸው። ከዚያ ጮኸ። ከዝቅታ ተነስቶ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጣሪያውን የነካ ጩኸት ነበር። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አንድ ላይ አበደ። ውሻው ፋታ ሲሰጥ፣ ፀሐይ ጠልቃ ነበርና፣ ከወንዙ ማዶ እውነተኛ ጅብ መለሰለት።

«ሰማችሁ?» አለ ከተማ በደስታ ዞር ብሎ። የሰማው ግን በሩ ነው፤ ሰዉ በበሩም በመስኮቱም እየወጣ ነበር። የጸሐፊው እናት ብቻ አልሸሹም። ሴትየዋ ብልህ ናቸው። ጫማቸውን እግራቸው ላይ አድርገው ሳሉ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲህ እሱ ቡዳ መሆኑን በጆሯችን ሰማን» አሉ። «ልጅቷን አልበላሁም ብሎ ደግሞ በአፉ ማለ። የበላውን ካላወቀው ማን ሊያውቅለት ነው? ልጅቷ ጤነኛ ናት። ሠርጉን እናፋጥነው፣ ሐሳቡን ሳይቀይር።»

ወይዘሮ አሰፋችም እልል አሉ። የሺዓለም ከዚያ በኋላ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች።

ሠርጉ በሦስተኛው ቀን ሆነ። ሙሽራዋ በበቅሎ በደጄ ስታልፍ ሚዜዎቹ መሐል አድርገው፣ ፈረስ እያስጋለቡ፣ በጩኸት አሳለፏት፤ የኛን ቤት ለማምለጥ ነው። ከተማ በመስኮቱ ቆሞ አየ። መጋረጃውን ሳይሸፍን እስከ ድልድዩ በዓይኑ ሸኛት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳውን ላውርደው ወይ አለኝ። ምን ያደርግልሃል አልኩት።

ሰሌዳው አልወረደም፤ ሥራውንም ሠራ። የጅቡ መልስ ወሬ አራዳን ዞሮ፣ በየሱቁ እየጨመረ፣ ቄራው ላይ ጅብ ያስቸገራቸው አንድ ሹም ዘንድ ደረሰ። በሰው አፍ አንዱ ጅብ አሥር ሆኖ ነበር፤ መጥተውም እጅ ነስተውታል ተባለ። ሹሙ ከተማን አስጠሩት፤ ስንት ገደልክ ብለው አልጠየቁትም። ጅቦቹ እንደሚሰሙህ አውቀናል፣ ከእንግዲህ ወደ ቄራው እንዳይወጡ ንገርልን አሉት። ደመወዝ ተቆረጠለት፣ ክፍል ተሰጠው፣ ካባ ለበሰ። የሹመቱ ስምም አለቃ እንዳወጡት ነው፣ ጠቢበ አራዊት። ስለዚህ በአገራችን ጅብ ሰው እንዳልሆነ ያጣራው ብቸኛው ምሁር፣ ሰው ሆኖ ጅብ ነው ተብሎ ወንበር አገኘ።

ካባውን ለብሶ ወደ ቤት ሲገባ ሰም እያቀለጥኩ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ካባው አምሮበታል፤ አባታችንን መሰለኝ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ሹመቱ መጣ። ጥናቴንም እቀጥላለሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እኮ ወይዘሮ አሰፋች እሺ ይሉን ነበር።»

አልነግረውም ብዬ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ምን ያደርግለታል ብዬ። ይህን ሲል ግን አልቻልኩም።

«ወይዘሮ አሰፋች ያን ዕለት እሺ ብለውህ ነበር!» አልኩት። «እግርህ ላይ ወድቀው የምትፈልገውን እሰጥሃለሁ አላሉህም? ጤነኛ መሆኗን ያወቅከው አንተ ብቻ መሰለህ? እኔ እንኳ ዓይኗን አይቼ አውቄያለሁ። የታመመች መስላ የተኛችው የጸሐፊው እናት ጥለዋት እንዲሄዱ ነው። ሊሄዱም ነበር፣ ጫማቸውን ይዘው! ከአንተ በቀር የሚያገባት እንዳይኖር ነው ስምህን የጠራችው። ለቅቄያለሁ ብለህ እጅዋን ብትይዝ ዛሬ ሚስትህ ናት!»

የያዘው ባርኔጣ ከእጁ ወደቀ። ለማንሳት አልጎነበሰም። ዱካዋ ላይ፣ ካባውን እንደለበሰ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከጓሮ ውሾቹ መጮህ ጀምረዋል። ሰሙ እየፈላ ነበር፤ ከእሳቱ ላይ አወረድኩት።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ ኋላ።

«ጠራችህ እኮ፣ ከተማ። ሦስት ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠራችህ።»

በካባው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«እትዬ» አለኝ፣ «እንደዚያ ተብሎ እኮ አይጠራም።»

እያለቀሰ ባይሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።